አለቃዬን ፈርቼ ልጄ ላይ ጮኽኩ

ውድ ጠያቂያችን፣

የክፍል ኃላፊዎ ላለፉት ስምንት ወራት በየስብሰባው እንደሚያዋርድዎት፣ ባለፈው ሳምንትም ያዘጋጁትን ሪፖርት ባልደረቦችዎ ፊት ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ይህን ማን ያነበዋል?» እንዳለዎት ጽፈውልናል። የዚያኑ ዕለት ማታ ልጅዎ ውሃ ስትደፋ ጮኹባት፤ እርሷም አንድ ቃል ሳትናገር የፈሰሰውን በሹራቧ እጅጌ ስትጠርግ አይተው አለቀሱ። ባለቤትዎ «ሥራውን ልቀቂና እንረፍ» ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ «ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ።

አለቃ ስሕተት ማረሙ፣ ሥራ ማጥበቁ ወይም አንዳንድ ቀን ፊቱን ማጥቆሩ በደል አይባልም። ቤኔት ቴፐር የተባሉ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ባሳተሙት ጥናት በዳይ አለቃ የሚሉት፣ እጁን ባያነሣም በንግግሩና በሁኔታው ጠላትነትን ደጋግሞ የሚያሳየውን ነው። የእርስዎ ስምንት ወር ከዚህ የሚገባ ይመስለኛል። ሪፖርቱ ጉድለት ኖሮት ሊሆን ይችላል፤ ጉድለት መኖሩ ግን መወርወሩን ትክክል አያደርገውም፤ እርስዎን የጎዳዎትም ሁለቱን እንደ አንድ ነገር መቀበልዎ ነው።

የቤቱን ጩኸት በተመለከተ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው አነጋገር ነገሩን በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ሁብለርና ብራስ የተባሉ አጥኚዎችም በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የቤተሰብ አባላትን ጭምር ጠይቀው፣ ወደ አለቃ መመለስ ያልቻለ ቁጣ ቤት ውስጥ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ስለዚህ ከቢሮ ወጥተው በቀጥታ ወደ ቤት ከመግባትዎ በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻዎን ይራመዱ፤ የተባሉትን ቃል በቃል፣ ከቀኑና በቦታው ከነበሩት ሰዎች ስም ጋር፣ በግል ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ። ጽሑፉ ልብዎን ያቀልልዎታል፤ አቤት ማለት ካስፈለገ ደግሞ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ስብሰባው ላይ መልስ አይስጡ፤ ተመልካች ፊት የሚሟገት አለቃ መሸነፍ አይወድምና። በማግስቱ ለብቻው አግኝተው «የሪፖርቱን ጉድለት ቢነግሩኝ አስተካክላለሁ፤ ሰው ፊት ሲወረወርብኝ ግን ከሥራው ይልቅ ውርደቱን ነው ይዤ የምወጣው» ይበሉት። ይጸጸታል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ አንዳንዱ ይባስ ያከርረዋል፤ ያን ጊዜ የጻፉትን ይዘው ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ወይም ወደ እርሱ የበላይ ኃላፊ መሄድ ነው።

ባለቤትዎ «ልቀቂ» ማለታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም በንዴት ማታ የሚጻፍ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ያስቆጫል። ከላይ የጠቀስኩት የቴፐር ጥናት፣ በዳይ አለቃ ሥር ከቀሩት መካከል ይበልጥ የተጎዱት ሌላ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ የሆነባቸው እንደነበሩ ያሳያል። ስለዚህ ለመልቀቅ ባይወስኑም የሥራ ልምድዎን አስተካክለው ጽፈው ሌላ ቦታ መጠየቅ ይጀምሩ፤ መውጫ በር መኖሩን ማወቅ ብቻውን ስብሰባውን ለመቻል ይረዳል። እንቅልፍ ካጡ ወይም ጠዋት መነሣት እንደ ተራራ ከከበደዎት ግን የጤና ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በአካል ይቅረቡ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ የልጅዎ ጉዳይ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። የአለቃዎን ታሪክ ሳያነሡ፣ ከአጠገቧ ቁጭ ብለው «ውሃው ሲደፋ የጮኽኩብሽ ባንቺ ጥፋት አይደለም፤ ሥራ ላይ ተናድጄ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይበሏት።