ከጥጥ እርሻው ሥር ያለ ሐይቅ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በ2023 ኮርኮራን ከተማ አጠገብ ዘወትር የማልፍበት መንገድ ተዘጋ፤ እርሻውን ሁሉ ውኃ ዋጠው። ሰው ሁሉ ጎርፍ ነው ሲል አንድ የአገሬው ነባር ተወላጅ የሆነ ባልደረባዬ ግን «ሐይቃችን ተመለሰ» አለኝ። ዛሬ እርሻው እንደገና ታርሷል። እውነት እዚያ ሐይቅ ነበር? ከነበረስ፣ ሲደርቅ ያልነበሩ ሰዎች እንዴት «ሐይቃችን» ይላሉ? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።
ዳ.፣ ከፍሬስኖ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባልደረባህ እውነቱን ነው። ቱላሬ ሐይቅ ነው፤ ከአገሬው ነባር ሕዝብ ከዮኩቶች ወገን የሆኑት ታቺዎች ፓአሺ ይሉታል። ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚወርዱት የኪንግስ፣ የካዊያ፣ የቱሌና የከርን ወንዞች ይገቡበት ነበር። ሞልቶ ሲሰፋ ከእኛ አባያ ይበልጥ ነበር። ሰፋሪዎች ወንዞቹን ለመስኖ ጠለፏቸውና 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ ሐይቁ ደረቀ። በረዶው የበዛ ዓመት ግን ውኃው ቦታውን አይስትም፤ በ1938፣ በ1983 እና በ1997ም ተመልሶ ነበር።

ትዝታው የቆየው በእጅና በአፍ ነው። አያቶቻቸው ቱሌ የሚባለውን ረጅም ቄጠማ እያሰሩ ጀልባ ይሠሩ ነበር፤ የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ስፌታቸውን ደግሞ ቀረብ ብለህ እይ። መደቡ ሣር ከሚመስል ተክል ሥር የተሰነጠቀ ነው፤ ቀዩ የቁጥቋጦ ቅርፊት ነው፤ ጥቁሩ ፈርን የሚባል ተክል ሥር ነው፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የጠቆረ። በአጥንት ወስፌ እየተወጋ ሲጠብቅ ውኃ አያፈስም፤ የጋለ ድንጋይ እየጨመሩ የኦክ ዛፍ ፍሬ ገንፎ ያበስሉበት ነበር። ዙሪያውን የሚሄደው የአልማዝ ቅርጽ ጥለት የእባብ ጀርባ ነው። የዛሬዎቹ ሰፊዎች አበሳቸው ብዙ ነው፤ ተክሉ የሚበቅልበት መሬት ታጥሯል፣ ፀረ አረም ተረጭቶበታል፣ እነርሱ ደግሞ ሥሩን የሚሰነጥቁት በጥርሳቸው ይዘው ነው። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ለልጅህ ከዮኩቶች ተረት ጀምርላት። በመጀመሪያ ዓለም ሁሉ ውኃ ነበር ይላሉ። ንስርና ሌሎቹ እንስሳት የሚቆሙበት መሬት አጡ። አንዲት ትንሽ ዳክዬ ጠልቃ ገባችና ሞታ ተንሳፈፈች፤ በጥፍሯ ሥር ግን ጥቂት ጭቃ ተገኘ። ምድር የተሠራችው ከዚያች ጭቃ ነው። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ጥጥ የተዘራበትን ሜዳ ሲያይ ከሥሩ ውኃ እንዳለ ያውቃል። ለዚህም ነው በ2023 ሌላው የአሸዋ ከረጢት ሲደረድር ታቺዎቹ ወደ ዳርቻው ወርደው በዜማና በጸሎት የተቀበሉት።

አሁን የሚጠይቁት ከሐይቁ ጥቂቱ እንኳ ውኃ ሆኖ እንዲቀርላቸው ነው። ገበሬውና የቀን ሠራተኛው የሚያጡትን አውቃለሁ፤ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ቢሆንም ወንዞቹ ሲጠለፉ ታቺዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለዚህ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው እላለሁ።