መልስ፦ ወንድሜን ያሳመመው ጋንጃው ነው ወይ?

ጋንጃው ብቻውን አሳበደው ማለት አይቻልም፤ ምንም አላደረገውም ማለትም ውሸት ነው። 19 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ዓመት በየቀኑ አጭሷል፣ አሁን ብቻውን ያወራል ብለሻል። አጎትሽም በዚሁ ሕመም ከታመሙ፣ በዘር የነበረውን ጋንጃው ሳይቀሰቅሰው አልቀረም ባይ ነኝ።

በስዊድን ምልምል ወታደሮች ላይ ተሠርቶ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት በስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት 6 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ሕመሙ ቀድሟቸው፣ ለማስታገሻ ያጨሱ ቢሆንስ?» ይላሉ። እነሱ ይከራከሩ፤ አንቺ አትጠብቂ።

ነገ ዛሬ ሳትይ ደሴ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጂው። ማጨሱን ለሐኪሙ አትደብቁ። ጫቱንም ንገሩት፤ እኛ ወሎዎች ጫትን ከቁጥር አናስገባውም እንጂ እሱም ያባብሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአክስቴ ልጅ መድኃኒት ጀምሮ እንቅልፉ ተመለሰ፣ ሰው ሆነ። ከዚያ ጠበል ገባና ክኒኑን አቆመ፤ በወሩ ከበፊቱ ባሰበት። እናትሽ ግሸን ይሂድልኝ ካሉ ይሂድ፣ ክኒኑን ይዘሽ አብረሽው ውጪ።