ወይፈኑ ጤነኛ ነው፣ መዥገሩስ?

ጥያቄው ከቆቦ አካባቢ ካሉ ገበሬ ነው። «ከአፋር በኩል የመጡ ሁለት ወይፈኖች ገዛሁ። ጭራቸው ሥርና ብልታቸው አካባቢ መዥገር ሞልቷል፤ እየነቀልኩ በጥፍሬ አፈርጠዋለሁ። ከመዥገር ሰው የሚገድል ቫይረስ ይይዛል ሲሉ ሰማሁ። ወይፈኖቹ ግን ደህና ይበላሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። በጥፍር ማፍረጡን ዛሬውኑ ይተዉት።

በሽታው የክሪሚያ-ኮንጎ የደም መፍሰስ ትኩሳት ይባላል። ክፋቱ ከብቱን አለማሳመሙ ነው። ቫይረሱ ለሳምንት ያህል በደሙ እየዞረ እንኳ በሬው ሣሩን ይግጣል። ሰው ላይ ሲወጣ ግን ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 40 ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ደህና ይበላሉ» ያሉኝ ማስረጃ አይሆንም።

ዋናው ተሸካሚ ሃያሎማ የሚባለው መዥገር ነው። እግሩ ረጅም ነው፣ ቡናማና ነጣ ያለ ቀለበት አለው። ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አይጠብቅም፤ ከብት ሲመጣ መሬት ለመሬት እየሮጠ ይደርስበታል። ደረቅና ሞቃት ቆላ ይስማማዋል። ትንንሾቹ ጥንቸልና መሬት የሚለቅሙ ወፎች ላይ ያድጋሉ፣ ትልልቆቹ ወደ ከብትና ግመል ይወጣሉ። አንዴ ቫይረሱ የገባበት መዥገር ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፣ በእንቁላሉም ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል። ቱርክ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. በሽታው ሲነሳ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ፣ ሳይታረሱ በቀሩ ማሳዎች ላይ ጥንቸልና የዱር አሳማ መብዛቱ ነበር። እርስዎ ጋ ደግሞ መዥገሩ በእግሩ አልመጣም፣ ገዝተው ነው ያመጡት።

እና ወይፈኖቹን ከሌሎቹ ከብቶች ለይተው ይሰሯቸው። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መድኃኒት ይርጭላቸው። ብዙ ሰው ጀርባውን አርሶ ይሄዳል፣ መዥገሩ ያለው ግን ጭራ ሥር፣ ብልትና ሰኮና መሃል ነው። እስከዚያው መንቀል ካለብዎ በወረንጦ ይንቀሉ፤ ጓንት ከሌለ እጅዎን በፌስታል ይጠቅልሉ። ነጭ ጋዝ መቀባት ይቅር።

ለበዓል ቅርጫ ካሰቧቸው፣ ከተረጩ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ መድኃኒቱ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቀን ከተጻፈ ያንን ይጠብቁ። የሚያርደውና የሚገፈው ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ አይንካ፣ ጓንትም ያድርግ። እዚያው ከትኩሱ ጉበት በጥሬው መቅመሱ... እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ፣ ግን ይተዉት፤ ሲበስል ቫይረሱ ይሞታል።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ድንገት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ከያዘዎ «ወባ ነው» ብለው ቤት አይተኙ። ጤና ጣቢያ ሄደው መዥገር በእጅዎ ማፍረጥዎን ሳይጠየቁ ይናገሩ።