የድሮ ማውንቴን ሳይክል ለሰውነት ማስተካከል፦ ጠይቁኝ

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ባለ 26 ኢንች ጎማ ሳይክሎችን ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። ኮርቻና መሪ ያስቸገራችሁ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ከነዳሁ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። እርጅና ይሆን?

መልስ፦ እርጅናውን ተወውና ኮርቻህን እይ። ከፊት ሲያም ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ቢሆን ከፍ ብሏል እልህ ነበር። ግድግዳ ተደግፈህ ውጣና ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ እስከ ታች አውርደው። እግርህ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስትነዳ በእግርህ ፊት ስለምትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፋል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። በአንዴ አትስቀለው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምረህ ጥቂት ቀን ንዳው።

ጥያቄ፦ የኮርቻው ዘንግ አጠረኝ፣ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ግዛ፣ ግን ውፍረቱን ለካ። 26.8ና 27.2 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለዩም፤ አንዱ አይገባም፣ ሌላው ይንሸራተታል። ዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ መስመር ከቱቦው በላይ ከታየ ደግሞ አትንዳው።

ጥያቄ፦ እጄ ይደነዝዛል፣ አንገቴም ይደርቃል። መሪው ከፍ ይላል?

መልስ፦ ይላል እህቴ። የዚያ ዘመን ማውንቴን ጎንበስ ብሎ ለመሽቀዳደም የታሰበ ነው፤ መሪውን የሚይዘው አንገት 12፣ 13 ሴንቲ ሜትር ወደፊት የሚወጣበት ብዙ ነው። መጀመሪያ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አለመዘንበሉን እዪ፤ ከዘነበለ ክብደትሽ በሙሉ እጅሽ ላይ ይወድቃል። ከዚያ አንገቱ አናት ላይ ያለውን ብሎን ሦስት ዙር ያህል ፍቺ፣ አታውጪው። እንጨት አስደግፈሽ ብሎኑን በመዶሻ መታ አድርጊው፤ ውስጥ ያለው ሽብልቅ ጠብ ብሎ ይለቃል። አንገቱን ጎትተሽ አውጪ፣ ግሪስ ቀቢና አንገቱ ላይ ካለው የመጨረሻ መስመር ሳታሳልፊ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ እሰሪ። የፊት ፍሬኑ ሽቦ በአንገቱ በኩል የሚያልፍ ከሆነ መሪው ከፍ ሲል ፍሬኑ ጎማውን ይነክሳል፤ እኔ አንዴ ይህን ረስቼ ግማሽ ቀን ጎማ ጠመመ ብዬ ስፈትሽ ውያለሁ።

ጥያቄ፦ መሪው እንዲቀርበኝ ኮርቻውን ወደፊት ብገፋስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኮርቻ የሚስተካከለው ለእግር ነው። መሪው ከራቀህ አጭር አንገት ግጠም።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.88 ነው፣ ሳይክሉ የ13 ዓመት ልጄ ነበር። ምን ላድርገው?

መልስ፦ ለጎረቤት ልጅ ስጠው፣ ወንድሜ።