መልስ፦ አዞው ለምን እሳት አፉ ውስጥ ያዘ?

በላክኸው የያኖማሚ ሥዕል ላይ ያለው አዞ እሳት እየተፋ አይደለም፤ ደብቆት ነው። በብራዚልና በቬኔዙዌላ ድንበር የአማዞን ጫካ ውስጥ በሚኖሩት በያኖማሚዎች ትረካ፣ እንስሳትና ሰዎች ገና ሳይለያዩ፣ የእሳቱ ባለቤት እሱ ነበር። አባጨጓሬውን ለብቻው አብስሎ ይበላል፤ ሌሎቹ ጥሬውን። ሲነቃበት አፉን እንዲከፍት ሊያስቁት ተነሱ። ቢጨፍሩ፣ ቢቀልዱ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንድ ወፍ ኩሱን ረጨ። አዞው ከት ብሎ ሲስቅ እሳቱ ከአፉ ወጣ። ወፍ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወሰደው። ስለዚህ የላክኸው ሥዕል ላይ ያለችው ወፍ ለማስዋቢያ የገባች አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ትረካው ከመንደር መንደር ይለያያል፤ ባነበብኳቸው ቅጂዎች ወፉ እንኳ አንድ አይደለም። ስለ ትረካው ስትጽፍ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ ጥቀስ። ደግሞ ሁሉንም የያኖማሚ ሥዕል ወደዚህ ታሪክ አትጎትት፤ የቬኔዙዌላው ያኖማሚ ሠዓሊ ሸሮአናዌ ሃኪሂዌ ብዙ ሥራዎቹ የጫካውን ዕፅዋትና እንስሳት ብቻ ያሳያሉ።