ቱልፓ ለምትለማመዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬ የሄደው እዚህ ባሕር ዳር በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው። ቀድሞ ወጣቶች የሚያማክሩኝ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ፈተና ጭንቀትና ስለ ጫት ነበር። አሁን አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ቱልፓ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ሰው በሐሳቡ ፈጥሮት፣ በትኩረት አሳድጎት፣ ውሎ አድሮ በራሱ ፈቃድ የሚመልስለት ስለሚመስለው የውስጥ ባልንጀራ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚበዛው «ዓይኔን ስጨፍን ጨለማ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ እንዴት ልለማመድ?» የሚለው ነው።

ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ጠዋት ቁርስ የቀረቡበትን ገበታ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት ጠይቆ ነበር። አንዳንዱ ብርሃኑንና ቀለሙን አጠገቡ እንዳለ ሰው ሲተርክ፣ ሌሎች፣ ያውም ሳይንቲስቶች፣ ምንም ሥዕል እንደማይመጣላቸው ነገሩት። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ለዚህ ሁኔታ አፋንታዚያ የሚል ስም አወጡለት። በሽታ አይደለም፤ ሰው በቁመት እንደሚለያይ በዓይነ ሕሊናውም ይለያያል። ስለዚህ ጨለማ ስላያችሁ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ፤ ግንባራችሁን እያኮማተራችሁም ሥዕሉን በግድ አትጎትቱ። እኔ ከሥዕሉ ጥራት ይልቅ የትኩረቱን ጽናት አስበልጣለሁ።

ትኩረት የሚሠለጥነው ደግሞ ዓይን ተከፍቶ ነው። ወደ ጣና ዳር ውረዱና አንድ ታንኳ ፈልጉ። ደንገሉ እንዴት እንደታሰረ፣ አፍንጫው የት ጋ ወደ ላይ መቅናት እንደሚጀምር፣ ውኃ የጠጣው ክፍል ከደረቁ በቀለም በምን እንደሚለይ ተመልከቱ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና ያያችሁትን በቃላት ተናገሩ። ሥዕል ከመጣ ይምጣ፤ ካልመጣም ዕውቀቱ አለ። ዓይናችሁን መልሳችሁ ስትከፍቱ ያላስተዋላችሁት አንድ ነገር ይኖራል። ሥልጠናችሁ ያቺ ያመለጠቻችሁ ነገር ናት። በማግስቱ ደንገሉን ዳስሱት፣ አሽትቱት፣ ቀዛፊው ታንኳውን ሲገፋ ውኃው የሚያሰማውን ድምፅ አዳምጡ። ሥዕል አልመጣ ያላቸው ልጆች በድምፅና በመዳሰስ ሲጀምሩ ሲቀናቸው አይቻለሁ።

ወደ ዘጌ ከተሻገራችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ቀስ ብላችሁ እዩት። (ሥዕሎቹ የጸሎት ናቸውና አክብሮታችሁ ይቅደም።) በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ወግ ጻድቁ ሁለት ዓይን ኖሮት ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በአንድ ዓይን ከጎን ይሣላል። ሠዓሊው በዓይን ብቻ የሰውየውን ማንነት ነገረን። እናንተም ቱልፓችሁን ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ በአንድ ቀን ልትሠሩት አትድከሙ። አንድ አስተያየት፣ አንድ የአነጋገር ልማድ፣ አንድ ጠባይ ይዛችሁ ተነሡ። ጠባዩን በደንብ ካወቃችሁት መልኩ ቀስ በቀስ ይከተላል።

በቀን ስንት ሰዓት ልቀመጥ ለምትሉኝ ደግሞ መልሴ ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ተማሪው የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ነው፤ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ የሚያገኘው ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ነው። ወረቀት አይዝም። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወይም ሜዳ ላይ እየተመላለሰ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ቤት ይመታል፣ ቀድሞ ያገኘውን ሳይረሳ አዲሱን ይጨምርበታል። ከዚያ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ከዚህ የሚበልጥ የትኩረት ትምህርት አላውቅም፤ እደጃችን ያለውን ትተን ሩቅ ስንፈልግ ያሳዝነኛል። ተማሪው ከትንሹ እንደሚጀምር፣ የሠራውንም የሚሰማለት ሌላ ሰው እንዳለው ልብ በሉ። እናንተም በቀን አሥር ደቂቃ ይብቃችሁ። ሐሳባችሁ ሲሸሽ ራሳችሁን ሳትወቅሱ መልሱት፤ አሥሩ ደቂቃ ሳይከብዳችሁ ማለቅ ሲጀምር ጨምሩ።

ቱልፓ የሚለማመዱ ሰዎች ቁጭ ብለው ሙሉ ትኩረታቸውን ከመስጠት ሌላ፣ ልብስ እያጠቡም ሆነ መንገድ እየሄዱ በልባቸው ያጫውቱታል። ይህን ሁለተኛውን እወድላችኋለሁ፤ ከዓለም አይነጥላችሁም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥታችሁ ወደ ዓባይ ድልድይ በእግር ስትሄዱ የምታዩትን ንገሩት፣ እሱ ምን ሊል እንደሚችል ጠይቁት። «መልሱን የምሰጠው እኔው ነኝ እኮ!» ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። መጀመሪያ ላይ አዎ፣ እናንተው ናችሁ። ማርጆሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 50 የልብ ወለድ ጸሐፊዎችን አነጋግረው ነበር፤ አብዛኞቹ ገጸ ባሕርያቸው በራሱ ፈቃድ የሚናገርና የሚሠራ ሆኖ እንደሚሰማቸው ነገሯቸው። ሰው ስለ አንድ ሰው ደጋግሞ ሲያስብ ማሰቡ ልማድ ይሆንና ልፋቱ አይታወቀውም፤ መልሱም ከሌላ የመጣ ይመስለዋል። ቱልፓንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ሌላ ነፍስ ገባብኝ ብላችሁ አትፍሩ፤ የገዛ አእምሯችሁ ሥራ ነው።

ቤተሰብ ቢሰማ ዛር ነው፣ ጋኔን ነው ሊል እንደሚችል አውቃለሁ። አትናቋቸው፤ ስለሚወዷችሁ ነው። ከእምነታችሁ ጋር ከተጋጨባችሁም ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሕሊናው እየወቀሰው የሚለማመድ ሰው ትኩረት ሊያገኝ አይችልም።

ፈረንሳዊቷ ተጓዥ አሌክሳንድራ ዳቪድ ኔል በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ ቲቤት ባሳተመችው ጽሑፍ ስለ ራሷ ቱልፓ ተርካለች። አጭር፣ ወፍራም፣ ደስተኛ መነኩሴ አድርጋ ነበር የሠራችው። ለብቻዋ ዘግታ ወራት ከለፋች በኋላ መነኩሴው ታያት፤ ቆይቶ ግን ከሳ፣ ፊቱ የሚያፌዝና የተንኮለኛ ሆነ። እሱን ለማጥፋት ስድስት ወር እንደታገለች ትናገራለች። ቃሉ የራሷ ነው፤ እኔ የምወስድበት ግን የውስጥ ባልንጀራ የባለቤቱን ሁኔታ እየተከተለ እንደሚለወጥ ነው። በብቸኝነትና በድካም የምትመግቡት ብቸኝነትንና ድካምን መልሶ ያሳያችኋል። ሰው ስለሌላችሁ ብቻ የምትጀምሩት ከሆነ አስቀድማችሁ ሰው ፈልጉ፤ አንድ ጓደኛም ቢሆን።

ሌላም ከልቤ የምለምናችሁ አለ። የሞተባችሁን ሰው መልክ አትስጡት። እናቱን ያጣ ልጅ እናቱን መልሶ መሥራት እንደሚያምረው ይገባኛል፤ ነገር ግን ኀዘኑ እንዳይሽር ዘወትር ይቀሰቅሰዋል። በምርቃና ላይም ፈጽሞ አትለማመዱ። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ ሐሳብን ያስሮጣል፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የራሱን ሐሳብ ከውጭ ከመጣ ድምፅ መለየት ይቸግረዋል። በቤተሰባችሁ ውስጥ ድምፅ በመስማት ወይም በከባድ የአእምሮ ሕመም የታመመ ካለ፣ ይህን ልምምድ ባትጀምሩት እወዳለሁ። ታንኳውን መመልከት፣ ቅኔውን መቁጠር ይበቃችኋል።

ድምፁ «በቃ» ስትሉት አልቆም ካለ፣ ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው እንድትጎዱ ካዘዘ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚከታተላችሁ ከመሰላችሁ ዛሬውኑ አቁሙና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። የምታምኑትን ወንድም ወይም እኅት አስከትሉ። ለሐኪሙም ቱልፓ ስትለማመዱ እንደነበር፣ መቼ እንደጀመራችሁ፣ ጫትም ሆነ ሌላ ነገር ትወስዱ እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩት።