ለነሐሴ ልጅ ስንት ልብስ ይበቃል?

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጭንቀት ትዝ አለኝ። «ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ነሐሴ ላይ እወልዳለሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ማሽን የለንም፣ ውሃም በፈረቃ ነው። መርካቶ ያለችው ባለሱቅ ሁለት ደርዘን ቱታ ውሰጂ አለችኝ። እናቴ ደግሞ ሰው ያመጣል፣ ምንም አትግዢ ትለኛለች። ማንን ልስማ?» ነው ያልሽው። እኔን ከጠየቅሽኝ ሁለቱንም አትስሚ። የባለሱቋ ሥራዋ መሸጥ ነው። እናትሽ ደግሞ አንቺን ያሳደጉበትን ዘመን እያሰቡ ነው።

ሁለት ወልጃለሁ። የመጀመሪያው በ2009 ሐምሌ፣ ሁለተኛዋ በ2014 ታኅሣሥ፣ ሁለቱም እዚሁ አዲስ አበባ። ለሐምሌው ልጅ ሠላሳ ምናምን ልብስ ነበረኝ፣ አልበቃኝም። ለታኅሣሷ ልጅ ሰባት ቱታ ነበረኝ፣ ተረፈኝ። ልጅ ስለሚለያይ አይደለም። የለየው ፀሐይዋ ነው። ስለዚህ ስንት ልግዛ ከማለትሽ በፊት ያጠብኩት በስንት ቀን ይደርቃል ብለሽ ጠይቂ።

የሐምሌውን ላጫውትሽ። ግማሹን ልብስ እህቴ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የላከችው ነበር። ሁሉም «ኒውቦርን»፣ የአራስ ቁጥር ማለት ነው፣ የሚል ተጽፎበታል። ልጄ 3.9 ኪሎ ሆኖ ዱብ አለ። እግሩ ሲገባ ትከሻው አልቆለፍ ይላል፣ ትከሻው ሲቆለፍ እግሩ ይታጠፋል። አብዛኛውን ወረቀቱ እንኳን ሳይቆረጥ ለጎረቤት ሰጠሁ። ልኩ የሆነው ስምንት ብቻ ነበር። እነሱም ገመድ ላይ ሦስት ቀን ይከርማሉ። ዝናቡ ሲያባራ እናወጣለን፣ ሲያጉረመርም ሮጠን እናስገባለን። በአሥረኛው ቀን ማታ አንድም ደረቅ ልብስ አልነበረንም። ባለቤቴ በካውያ ሊያደርቅ ተነሳ፣ መብራት ጠፋ። ልጁን በእኔ ካናቴራና በነጠላ ጠቅልለን አሳደርነው። አሁን ያስቀኛል። ያን ሌሊት ግን አልቅሻለሁ።

በማግስቱ እናቴ የራሷን መላ አመጣች። ከሰል አቀጣጥላ ቱታዎቹን ምድጃው ዙሪያ ወንበር ላይ ሰቀለቻቸው። ልብሱ ደረቀ፣ ጭስ ጭስ ሸተተ፣ እኔም ራሴን አዞረኝ። እባክሽ ይህን እንዳታደርጊ። ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው ይገድላል። የአራስ ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። እርጥብ ልብስ ካስቸገረሽ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ በደንብ ጭመቂውና ስጪው። ፎጣው ብዙውን ውሃ ይጠጣዋል፣ የማድረቂያውም ጊዜ በጣም ያጥራል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ሙሉ ልብስ ይቀይራል። ያቀረሻል። ዳይፐሩ በጀርባ በኩል ያፈሳል፣ እስከ አንገት ድረስ የሚደርስበት ቀን አለ። ወንድ ከሆነ ደግሞ ዳይፐሩን ስትከፍቺ ሽቅብ ይለቅብሻል። ነሐሴ ላይ ያጠብሽው ልብስ በሁለት ቀን ከደረቀ እድለኛ ነሽ። እንግዲህ ዛሬ የሚለብሰው ሦስት፣ ገመድ ላይ ያለው ስድስት፣ ዘጠኝ ሆነ። ለክፉ ቀን ሦስት ጨምሪ። አሥራ ሁለት ቱታ። ታኅሣሥ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ያሰጣሽውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥፈሽ ስለምታስገቢው ስድስት ሰባት ይበቃሽ ነበር። ውሃው በፈረቃ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው። ሁሉንም አጠራቅመሽ ውሃ የመጣ ቀን ልጠብ ካልሽ አሥራ ሁለቱም አይበቃም። የሕፃን ልብስ ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ ማታ በአንድ ባልዲ ውሃ ይታጠባል። ለእሱ ብቻ አንድ በርሜል ወይም ሁለት ጀሪካን ለይተሽ አስቀምጪ።

አሥራ ሁለቱ ግን አንድ ቁጥር እንዳይሆኑ። ይሄ ነው የኔ ዋናው ስህተት። አራቱን ብቻ የአራስ ቁጥር አድርጊ፣ ስምንቱን ከ0 እስከ 3 ወር የሚለውን። ልጅ እንደተወለደ ትንሽ ኪሎ ይቀንሳል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከ25 እስከ 30 ግራም ያህል እየጨመረ ይሮጣል። የአራሱ ቁጥር በወሩ ተሰናበተ ማለት ነው። ትልቅ ሆኖ ከተወለደ ጭራሽ አይገባውም። ሰፋ ያለውን እጅጌውን አጥፈሽ ታለብሺዋለሽ፣ የጠበበውን ግን ምንም አታደርጊውም። የቱርኮቹ ልብስ ላይ 56፣ 62 የሚል ታያለሽ፣ የቻይናዎቹ ላይ ደግሞ 59፣ 66፣ 73። ቁጥሩ ወር አይደለም፣ የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ 50 ገደማ ስለሆነ ከ56 እና ከ59 ጀምሪ።

ሌላው ለክረምት የሚጠቅመው ነገር ውፍረቱ ነው። ሱቅ ስትገቢ እጅሽ ወደዚያ ለስላሳ ፀጉራም ቱታ ይሄዳል። የሁላችንም እጅ ይሄዳል። ተዪው። ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነገር ያለበት ነው፣ ልጁን ያልበዋል። ወፍራም ጥጥ ከሆነ ደግሞ አራት ቀን አይደርቅም። ስስ ጥጥ ግዢና ደራርቢ። ከውስጥ ከታች የሚቆለፈውን ካናቴራ፣ ቦዲ የሚሉትን፣ ከላይ እግሩ ድረስ የሚሸፍነውን ቱታ። ሲቆሽሽ ብዙ ጊዜ አንዱ ነው የሚቆሽሸው፣ ሁለቱን አትቀይሪም። ቦዲ ስድስት ሰባት ይበቃል። ትከሻው ላይ የተደራረበ እጥፋት ያለውን ምረጪ። ያ እጥፋት ለጌጥ አይደለም። ዳይፐሩ እስከ ጀርባ ያፈሰሰ ቀን ልብሱን በጭንቅላቱ ሳይሆን ወደ ታች በእግሩ እንድታወልቂው ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለተኛዋ ስትወለድ ነው! የመጀመሪያውን ስንት ጊዜ ፀጉሩን በሰገራ እንደቀባሁት አልነግርሽም።

እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ማለት ነው፣ በጎን የሚታሰር ሸሚዝ ካገኘሽ ሦስት ያዢ። ካላገኘሽም ችግር የለም፣ የዳይፐሩን ጫፍ ከእትብቱ በታች ማጠፍ ነው።

ለሆስፒታል ሦስት ቅያሪ፣ ሁለት ኮፍያ፣ አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ሁለት ንጹሕ ነጠላ። ጨረስን። አዲሱንና ነጩን ልብስ አትውሰጂ። የመጀመሪያው ሰገራ ጥቁር ነው፣ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ በቀላሉ አይለቅም።

ኮፍያ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይጠቅማል፣ ውጭ ስትወጪም ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ተኝቶ ግን አያስፈልግም። እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር እንደምትጣዪ ከአሁኑ ልንገርሽ። «ብርድ ይመታዋል» ይባላል፣ ሦስት ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጋቢ፣ ከዚያ ላይ ፊቱን በነጠላ ሽፍን። አማቴ እንግዳ በገባ ቁጥር ዓይን እንዳይገባው ብለው የልጄን ፊት ይሸፍኑ ነበር። ሊሉኝ የፈለጉት ይገባኛል። ግን ልጅ በጣም ሲሞቅ፣ ፊቱም ሲሸፈን ለአደጋ ይጋለጣል። አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ብቻ ጨምሪለት። በርዶታል አልበረደውም የሚለውን በእጁና በእግሩ አትለኪ፣ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳብሺ። ካላበው አንዱን አውልቂ። ከአማቴ ጋር የታረቅነው በዚህ ነው። እጃቸውን ይዤ ማጅራቱ ላይ አደረግኩት፣ ረጥቧል። «ውይ ልጄን» ብለው ራሳቸው ጋቢውን አነሱለት።

መጠቅለልን በተመለከተ ስስ ነጠላ ከጋቢ ይሻላል፣ ቶሎም ይደርቃል። እግሩን ቀጥ አድርጎ ጥብቅ የሚያስሩ አሉ፣ ጠማማ እንዳይሆን ብለው። የዳሌ መገጣጠሚያውን ይጎዳል፣ እግሩ እንደልቡ ይታጠፍ።

ምርጡን ዕቃ ደግሞ መርካቶ አታገኚውም፣ እናትሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ያረጀ ነጠላ። ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰውን ለምኚያቸውና እንደ መሃረብ በአራት ማዕዘን ቁረጪ፣ ጠርዙን አስዘምዝሚ። አሥር አሥራ አምስት ቁራጭ ይወጣዋል። የሚያቀረሸው እሱ ላይ፣ ለሃጩ እሱ ላይ፣ ጡትሽ ሲያፈስ እሱ። ትከሻሽ ላይ አንድ ካለ ቱታው ይተርፋል። ከውጭ የመጣውን በሳጥን የሚሸጥ የሕፃን ጨርቅ ሞክሬዋለሁ፣ የእናቴን ነጠላ አያክልም።

ጓንት አትግዢ። ልጅ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ እርቦኛል እያለሽ ነው፣ በጓንት አፉን ዘጋሽው ማለት ነው። ጫማም አትግዢ፣ የት ሊሄድ ነው? ካልሲ ስድስት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዳይከስር። ካልሲውን ከማልበስሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው። የተንጠለጠለ ክር ወይም ያንቺ ፀጉር ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ለቅሶ ሲያለቅስ ካልሲውን አውልቀሽ ጣቶቹን ቁጠሪ። በእጅ የተሠራ ሹራብ አንድ ሁለት ጥሩ ነው፣ ቀዳዳው ጣት የሚያስገባ ካልሆነ።

ሰልባጅ ብትገዢ እንዳታፍሪ። ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ለስላሳ ነው። የላላ ቁልፍ ካለ ቆርጠሽ ጣዪ ወይም አጥብቀሽ ስፊ። አዲስም ይሁን ሰልባጅ ሳይታጠብ አይለበስም። በረኪና አትጠቀሚ። ጡት የሚጠባ ልጅ ሰገራ የሚተወው ቢጫ እድፍ በሳሙና ባይለቅ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይጠፋል። ነሐሴ ላይ ፀሐይ የለችም እንጂ። መስከረም ይጠብቅሽ።

እናትሽ «ሰው ያመጣል» ያሉት እውነት ነው፣ ያመጣል። ለአራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ሁሉ ግን አንድ ቁጥር ነው የሚያመጣው፣ ትንሽዬዋን፣ ስለምታሳሳ። ለቅርብ ሰዎችሽ አትፈሪ፣ ንገሪያቸው። «ዳይፐር አምጡልኝ» ወይም «ከ6 ወር በላይ የሚሆነውን» በያቸው። ወቅቱንም አስቢ። የነሐሴ ልጅ ሦስት ወሩ ኅዳር ላይ ነው፣ ብርዱ ሲገባ። ወፍራም ጃኬት የሚያስፈልግሽ ከ3 እስከ 6 ወር በሚለው ቁጥር ነው። ስድስት ወር ሲሞላው የካቲት ነው፣ ያኔ ስስ ልብስ ነው የሚፈልገው። እህቴ በ6 ወር ቁጥር የበረዶ ልብስ ልካልኝ ነበር፣ ኮፈኑ ፀጉር ያለው። የሚያምር ነገር ነው። አንድ ጊዜ አልብሰን ፎቶ አነሳነው።

የክርስትና ልብስ ከአሁኑ አትግዢ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፣ በመካከሉ ያለው የኪሎ ልዩነት ብዙ ነው። ሽሮ ሜዳ የሄድሽ ቀን ዓይንሽ ቢያርፍበትም አንድ ሳምንት ሲቀረው ለክተሽ ግዢ። ስትመርጪ ከፊት የሚከፈተውን ያዢ። ልጁ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ በማለዳ ነው፣ ይበርዳል፣ አንቺም እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ወፍራም ፎጣና ሁለት ደረቅ ቅያሪ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

«ሳይወለድ ልብስ ቤት አይገባም» የሚሉ ካሉብሽ አትከራከሪ። አማቴ እንደዚያ ነበሩ። ገዝቼ፣ አጥቤ፣ እህቴ ቤት አስቀመጥኩ። ምጥ የያዘኝ ቀን ይዛው መጣች፣ ሁላችንም ደስ አለን።

የሁለተኛዋ ልጄ ቱታዎች ታጥበው በፌስታል ታስረው አሉ። አምስቱ ከ0 እስከ 3 ወር ነው፣ ሁለቱ የአራስ። አንዱ ዚፑ ትንሽ ያስቸግራል፣ ሳሙና ቀብተሽ ሳቢው። ሰሚት አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂ። ዝናቡ ሳይጠና ብትመጪ ይሻላል።